ግመል የበላችው መኪና

እዚህ እስራኤል ውስጥ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው ፈልጋችሁ “ሱሲታን ያስታውሷታል?” ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ቀጥለው “እሷን እኮ ግመሎች ይበሏት ነበር!” ይሏችኋል።

ሱሲታ መኪና ናት። የእስራኤል የራሷ ተብላ የተሸጠች የመጀመሪያዋ መኪና ናት ማለት ይቻላል። ቦዲዋ ከብረት ሳይሆን ከፋይበርግላስ የተሠራ ነበር። ወሬው ታዲያ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው በኔጌቭ በረሃ መኪናውን አቁሞ ወደ ጉዳዩ ሄደ፤ ሲመለስ አንዲት ግመል የመኪናዋን ጎን እየቆረጠመች አገኛት። በሩን በላች የሚልም አለ፣ ጣሪያውን በላች የሚልም አለ። ግመሏን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ይህን ታሪክ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ለማንሳት ምክንያት አለኝ። በሰፈራችን በቅርያት ሞሼ መኪና የሚወዱ ልጆች ፋይበርግላስ በቤታቸው መሥራት ጀምረዋል። አንዱ ከኋላ የሚገጠም ክንፍ ይሠራል፣ አንዱ የድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ ሌላው የተሰነጠቀ ፓራፋንጎ ይጠግናል። ወላጆች ደግሞ በረንዳው ላይ ያለውን ሽታ ይጠላሉ፤ ከሽታው ይበልጥ ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። “ተምሮ ሰው ይሆናል ስንል እጁን ሙጫ አስነክሮ ይመጣል” ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም ይህን ሥራ ላለፉት ሁለት ዓመታት ከትምህርቴ ጎን ለጎን ቤት ውስጥ የተማርኩ ነኝና ሁለቱም ወገን የሚለው ይገባኛል። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የማያውቀው አንድ ታሪክ አለ። እሱን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ፋይበርግላስ ምንድን ነው? ወላጆቻችን መልሱን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ ስሙን ብቻ ነው የማያውቁት። ጎንደር ውስጥ ቤት ሲሠራ ጭቃ ይቦካል፣ በጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ ይጨመራል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ ግድግዳው ይመረጋል። ጭቃ ብቻውን ቢሆን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ብቻውን ቢሆን አይቆምም። ሁለቱ ሲገናኙ ጭዱ ጭቃውን ይይዘዋል፣ ጭቃው ደግሞ ጭዱን ቦታው ላይ ያቆመዋል። በኦሪት ዘጸአት ፈርዖን ለጡብ የሚሆነውን ጭድ ሲከለክል አባቶቻችን ለምን እንደጮኹ አስቡ፤ ያለ ጭድ ሥራው ሥራ አልነበረም። ፋይበርግላስም እንዲሁ ነው። ጭዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው፤ ጭቃው ደግሞ ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ሙጫ ነው። ካርቦን የሚባለውም ያው ነው፤ ጭዱ ብቻ ተለወጠ።

ብርጭቆ ወደ ክር መለወጥ እንደሚችል ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። በ1893 ቺካጎ ውስጥ በተደረገው ትልቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ከብርጭቆ ክርና ከሐር የተሸመነ የሴት ቀሚስ ቀርቦ ነበር። ሸማኔ የነበሩ አያቶቻችን ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ቀሚሱ ለመልበስ አይመችም፤ ለመታየት ብቻ ነበር። ነገሩ ለሥራ የዋለው በ1930ዎቹ ነው። በ1932 አሜሪካ ውስጥ ኦወንስ ኢሊኖይ በተባለው የብርጭቆ ኩባንያ ዴል ክላይስት የሚባል ወጣት ሠራተኛ የቀለጠ ብርጭቆ በአየር ግፊት ሲመታ ሳይታሰብ ወደ ቀጫጭን ክር ሲበተን አየ። አለቃው ጌምስ ስሌይተር ከዚያ ተነስቶ ክሩን በብዛት የማምረቻውን ዘዴ አሳደገው። በ1938 ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ሬዚኑም በዚያው ዘመን መጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለቱን አዋህደው የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ሠሩበት፤ ምክንያቱም ብረት የራዳርን ሞገድ ያግዳል፣ ፋይበርግላስ ግን ያሳልፋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ነገሩ ወደ ጀልባና ወደ መኪና ዞረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልገባን የቀረው ታሪክ አይገባንም። የብረት መኪና ለመሥራት ትልቅ መጭመቂያ ማሽን ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለበሩም ለኮፈኑም ለጣሪያውም፣ ከከባድ ብረት የተቀረጸ የራሱ ፎርማ መኖር አለበት። ወጪው ከባድ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ወጪውን የሚመልሰው በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር መኪና ሲሸጥ ብቻ ነው። ፋይበርግላስ ግን መጭመቂያ አይፈልግም። ፎርማው ራሱ ከፋይበርግላስ ይሠራል። የሚያስፈልገው ብሩሽ፣ ባልዲና እጅ ነው። በርግጥ ዝግተኛ ነው፤ መጭመቂያው በሴኮንዶች የሚጨርሰውን እጅ በሰዓታት ነው የሚጨርሰው። ነገር ግን ጥቂት መኪና ለሚሠራ ሰው፣ ገንዘብ ለሌለው ሰው፣ በር የሚከፍትለት ይህ ነው።

ስለዚህ በ1950ዎቹ ወደዚህ ሥራ የገቡትን ብታዩ አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። ትልቁ ጄኔራል ሞተርስ እንኳን ኮርቬትን በ1953 ሲጀምር ሦስት መቶ ብቻ ነው የሠራው፤ እነዚያም ፍሊንት ከተማ ውስጥ ከሞላ ጎደል በእጅ የተሠሩ ናቸው። ምሥራቅ ጀርመን የብረት እጥረት ስለነበረባት ትራባንትን ከጥጥ ፍርፋሪና ከሙጫ ሠራች፤ ያች መኪና ከ1957 እስከ 1991 ድረስ ወደ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ተሠርታለች። እዚያም ቀልዱ አልቀረም፤ ትራባንትን እንስሳት ይበሏታል ይባል ነበር፤ ኤሚር ኩስቱሪጻ በ1998 ባወጣው ፊልም ውስጥ አሳማ ትራባንት ስትበላ ትታያለች። ስለዚህ የእኛዋ ግመል ብቻዋን አይደለችም።

እንግሊዝ ውስጥ ግን ነገሩ ከሁሉም ይለያል፤ ቤት ውስጥ የመሥራት ታሪክ በሰፊው የተስፋፋው እዚያ ነውና። አዲስ መኪና የሚገዛ እንግሊዛዊ ከባድ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ያልተገጣጠመ መኪና ግን ያ ቀረጥ አልነበረበትም። ስለዚህ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ወጣት ያረጀ ኦስቲን ወይም ፎርድ በርካሽ ይገዛል፣ የዛገውን ቦዲ አውጥቶ ይጥላል፣ ሻንሲውንና ሞተሩን ያስቀራል፣ ከትንሽ ወርክሾፕ የፋይበርግላስ ቦዲ ያዝዛል፣ ቅዳሜና እሑድ ጋራዡ ውስጥ ሆኖ ይገጥመዋል። በክረምት ጀምሮ በበጋ የስፖርት መኪና ባለቤት ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ቦዲ ከሚሸጡት አንዱ በኤሴክስ አውራጃ የነበረው አሽሊ የሚባል ድርጅት ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሐይፋ እንምጣ።

በ1950ዎቹ እስራኤል ድሃ አገር ነበረች። ዳቦውም እንቁላሉም በራሽን የተሰጠበት “ጸናዕ” የሚባለው ዘመን ገና ማለፉ ነበር። ሐይፋ ውስጥ የአሜሪካው ካይዘር ፍሬዘር መኪና የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ከ1951 ጀምሮ ነበር፤ እሱ ግን የውጭ መኪና ነው። ይጽሐቅ ሹቢንስኪ የሚባሉ ነጋዴ አውቶካርስ የተባለ ኩባንያ አቋቁመው “እዚሁ የራሳችንን እንሥራ” አሉ። ለብረት መጭመቂያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ እንግሊዝ አገር ታምዎርዝ ከተማ ወዳለው ሪላያንት ሄዱ። ሪላያንት ባለ ሦስት ጎማ መኪና በፋይበርግላስ የሚሠራ ኩባንያ ነው፤ ትልቅ አይደለም፣ ግን እጁ የሠለጠነ ነው። ከእነሱ ጋር ተስማምተው ሱሲታ ተወለደች። ሞተሩ የእንግሊዝ ፎርድ ነው፣ ቦዲው የብርጭቆ ክርና ሙጫ።

ስሟ ከአራማይክ የመጣ ሲሆን የፈረስ ስም ነው፤ ከኪኔሬት ባሕር በስተ ምሥራቅ በኮረብታ ላይ ፍርስራሿ የሚታየው ጥንታዊት ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች። ቀጥለው የመጡት መኪናዎችም የአገር ስም ነበራቸው፦ ካርሜል፣ ጊልቦዓ። አንዷ ግን ከሁሉም ትለያለች፤ ሳብራ ትባላለች። ሳብራ የቁልቋል በለስ ነው፤ ውጪው እሾህ ውስጡ ጣፋጭ፤ እዚህ አገር የተወለደ ሰውም በዚሁ ስም ይጠራል።

የሳብራ ታሪክ እንዲህ ነው። ሹቢንስኪ አሜሪካ ውስጥ የስፖርት መኪና መሸጥ ፈለጉ። ለንደን ውስጥ በነበረ የውድድር መኪናዎች ኤግዚቢሽን ላይ ሲዞሩ የአሽሊን ቦዲ አዩ። አዎ፣ ያው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ አሽሊ፣ ለቤት ሠሪዎች የሚሸጠው። አጠገቡ ሌላ ሻጭ ደግሞ ሌዝሊ ባላሚ የሚባል መሐንዲስ የነደፈውን ሻንሲ አሳይቷል። ሹቢንስኪ የሁለቱንም የመሥራት መብት ገዙና ለሪላያንት “እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጉልኝ” አሉ። መኪናዋ በ1961 ኒውዮርክ በተደረገው የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ የእስራኤል የስፖርት መኪና ተብላ ቀረበች። የሐይፋው ፋብሪካ ገና ዝግጁ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ሪላያንትም በኋላ ሴበር ብሎ የራሱን ሠራ።

አስቡት እስቲ። የአንድ አገር የስፖርት መኪና፣ ሰንደቅ ዓላማ ተይዞላት ኒውዮርክ የቆመችው፣ ቅርጿ የመጣው አንድ የእንግሊዝ ወጣት በጋራዡ ውስጥ እንዲገጥመው ከተሠራ ቦዲ ነው። በቤትና በፋብሪካ መካከል ያለው ግድግዳ በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ቀጭን ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይህ ነው። በረንዳ ላይ የሚሠራ ልጅ ብሩሹን ሲይዝ የሚያደርገው ነገር የአውቶካርስ ሠራተኛ ያደርግ ከነበረው የተለየ አይደለም፤ ያው ሰም፣ ያው ሬዚን፣ ያው የብርጭቆ ማት።

አውቶካርስ በኋላ ከሐይፋ ወደ ጢራት ካርሜል ተዛወረ፤ ከፎርድ ወደ ትራያምፍ ሞተር ዞረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሰረ። ሮም ካርሜል በሚል ስም ሌሎች ወሰዱት፤ ሮም 1300 የምትባል መኪናም ሠሩ፤ በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ አበቃ። ወላጆቻችን በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ የእስራኤል መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። የቀረው ቀልዱ ብቻ ነበር።

ለምን ከሰረ? ፋይበርግላስ ስለነበረ አይደለም። ገበያው ትንሽ ነበር፣ ሞተሩ ከውጭ ይመጣ ነበር፣ የጃፓንና የአውሮፓ የብረት መኪና ደግሞ እየረከሰ መጣ። መኪናዋ ጉድለት አልነበራትም አልልም፤ ፋይበርግላስ አይዝግም እንጂ በግጭት ጊዜ ይሰነጠቃል፣ እሳት ሲነካውም ይነዳል፣ አጨራረሷም ሻካራ ነበር ይባላል። ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ግመሏን ነው። ግመል የደነደነ ሬዚንና ብርጭቆ አትበላም። ብርጭቆ እኮ ነው! ቀልዱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እኛ የሠራነው ነገር እውነተኛ ነገር አይደለም፤ መኖ ነው።”

ይህን ቀልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ሌላ ታሪክ ትዝ አለኝ። የቤተ እስራኤል ልጅ የሆነ ሁሉ ሰምቶታል።

ጎንደር ውስጥ አያቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እንደሚተረከው በ15ኛው መቶ ዘመን በዓፄ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ተደረገ፤ መሬት ያጣ ሰው ደግሞ በእጁ ያድራል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን የሚሠራው ቤተ እስራኤል ነበር። እንስራውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን የምትሠራው እናት ናት። ጎረቤቱ ገበሬ ያለ እነሱ ማረስም ሆነ እንጀራ መጋገር አይችልም። ሆኖም ሌሊት ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባል ነበር። ቀን በእጁ ማረሻ ይቀበላል፣ ማታ ከጅብ ቆጥሮ ይፈራዋል። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሐጋር ሳላሞን በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ጋር ቁጭ ብለው ይህንን ጉዳይ በስፋት ጽፈውታል።

ሁለቱ ተረቶች እኩል አይደሉም። በግመሏ ቀልድ ሰው አልሞተም፤ ቡዳ ተብሎ ግን የተደበደበም የተገደለም ሰው ነበር። ግን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም በገዛ እጁ ነገር ስለሚሠራ ሰው የተነገሩ የእንስሳ ተረቶች ናቸው። ከአፈርና ከእሳት ዕቃ የሚያወጣው ሰው ጅብ ይሆናል፤ ከሙጫና ከብርጭቆ መኪና የሚያወጣው ሰው ሥራ ግመል ይበላዋል። ሰው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ካልገባው ወይ ይፈራዋል ወይ ይስቅበታል ማለት ነው።

ይህ የቤተ እስራኤል ችግር ብቻም አልነበረም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቀጥቃጭ ይሰደብ ነበር። ነገሩ ለአገር ጎጂ መሆኑን ዓፄ ምኒልክ አይተው በ1908፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፣ ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡ አዋጅ አስነግረዋል። የአዋጁ ሐሳብ ሰው ሠራተኛውን እየሰደበ አባርሮ አገሩን ያለ መሣሪያ ያስቀራታል የሚል ነበር። ከሳቸው በፊት ዓፄ ቴዎድሮስም ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። (በነገራችን ላይ ከጋፋቱ መድፍ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ሞሪትዝ ሆል፣ ከፖላንድ የመጣ፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ኑሮውን ያደረገው እዚህ ያፎ ነው። ከረሖቮት ያፎ ሩቅ አይደለም።) አዋጁ ግን ተረቱን አላጠፋውም፤ አዋጅ ተረትን ማጥፋት አይችልም መሰለኝ።

አንዳንድ ወላጆች “ልጄ የእጅ ሥራ አይሥራ” ሲሉ ከየት እንደሚመጣ የሚገባኝ ከዚህ የተነሳ ነው። በእጅ መሥራት ስድብ ያስከተለባቸው ሰዎች ናቸው። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ወደ ፋብሪካና ወደ ጽዳት ነው የተላኩት፤ እጃቸው የሚያውቀውን የጠየቃቸው የለም። ስለዚህ ልጃቸው ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥ መፈለጋቸው አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ፋይበርግላስ ስማር ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ነገር ያገኘሁት ከአያቴ ነው።

አያቴ ወለቃ አካባቢ ሸክላ ትሠራ ነበር። የመጀመሪያውን ፎርማዬን ሳሳያት ዕቃውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። ጥሩ ሸክላ ሲመታ ይጮሃል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ደግሞ ድምፁ ይሞታል። ፋይበርግላስም እንደዚሁ ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል አየር ከቀረ በሳንቲም ስትመቱት የሞተ ድምፅ ይሰጣል። የጀልባ ባለሙያዎችም እንዲሁ እየመቱ ነው የሚመረምሩት። ሌላም ነገረችኝ፦ ምጣድ ሲሠራ የድሮ የሸክላ ስባሪ፣ ማለትም ገል፣ ተወቅጦ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይለወሳል፤ ያ ካልሆነ እሳት ላይ ይፈነዳል። ከጭድና ከጭቃው ምሥጢር ሩቅ አይደለም። አያቴ ኮምፖዚት የሚለውን ቃል አታውቅም፤ ሥራውን ግን ሰባት ልጅ አሳድጋበታለች።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ልጆቹ ለመጀመር፣ ወላጆችም በረንዳው ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ለማወቅ እንዲረዳቸው። መጀመሪያ ሞዴል ያስፈልጋል፤ የመኪናው ክፍል ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከአረፋና ከስቱኮ ተቀርጾ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። ሞዴሉ ላይ ያለ እያንዳንዱ ጭረት ፎርማው ላይ ይወጣል፣ ከፎርማው ደግሞ በሚወጣው ዕቃ ሁሉ ላይ ይደገማል። ስለዚህ ከጠቅላላው ጊዜ ትልቁ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ሙጫ ገና ሳይከፈት። ከዚያ ሰም ይቀባል፣ ይወለወላል፣ እንደገና ይቀባል፤ ለአዲስ ፎርማ አምስት ስድስት ጊዜ። ሰሙ ከሌለ ሞዴሉና ፎርማው ለዘላለም ተጋቡ ማለት ነው። በሰሙ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ጄልኮት የሚባል ወፍራም ሽፋን ይቀባል፤ የውጪው ቆዳ እሱ ነው። ጄልኮቱ ሲጠነክርና ጣት ላይ በጥቂቱ ብቻ ሲጣበቅ የብርጭቆው ማት ተቆርጦ ይነጠፍበታል፣ ሬዚን በብሩሽ ይመገባል፣ አየሩ በሮለር ተጨቁኖ ይወጣል። ማቱ አንድ ኪሎ ከሆነ ሬዚኑ ሁለት ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሬዚን ሲበዛ ይጠነክራል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ተቃራኒው ነው። ጭቃው ሲበዛና ጭዱ ሲያንስ ግድግዳው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ሬዚኑ ብቻውን አይጠነክርም፤ ማጠንከሪያ ይጨመርበታል፣ በመቶ ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ብቻ። ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ሚዛን ያስፈልጋል። በረሖቮት የነሐሴ ሙቀት ሬዚኑ ቶሎ ስለሚጠነክር መጠኑ ወደ ታችኛው ይጠጋል፤ ሥራውም ማለዳ ቢሆን ይሻላል። ከሁሉም የሚያናድደው ብሩሹ ነው፤ በአሴቶን ቶሎ ካልታጠበ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

አሴቶን ካልኩ አይቀር። ይህን የብሩሽ ማጠቢያ በብዛት የማምረት ታሪክ ከከተማችን ጋር የተያያዘ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ኻይም ቫይጽማን በእንግሊዝ ማንቸስተር ኬሚስት ሳሉ በቆሎን በባክቴሪያ አብላልተው አሴቶን የማውጣትን ዘዴ አገኙ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ለባሩድ አሴቶን አጥታ ስለነበር ዘዴው በጣም ተፈለገ፤ በ1917 እህል ሲያጥር የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ለዚሁ ሥራ የፈረስ ደረት የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ይሰበስቡ ነበር። እኚሁ ሰው በ1934 እዚህ ረሖቮት ውስጥ የምርምር ተቋም ከፈቱ፤ ከ1949 ጀምሮ በስማቸው የሚጠራው እሱ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የተቀበሩትም እዚሁ በቤታቸው ግቢ ነው። ጠረኑን የምንሸሸው ጠርሙስ ውስጥ ይህን ያህል ታሪክ አለ።

አሁን ወላጆች ልክ ወደሆኑበት ነገር ልምጣ። ሽታው ሽታ ብቻ አይደለም። ከሬዚኑ የሚወጣው ስታይሪን የሚባል ጋዝ ነው፤ ራስ ያዞራል፣ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ነርቭንና ጤናን ይጎዳል። በኮሮና ጊዜ የለበስነው ጨርቅ ጭምብል አያግደውም፤ ለኬሚካል ጋዝ የተሠራ፣ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ነው የሚያስፈልገው። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ መነጽር የግድ ነው። ደርቆ ሲሞረድ የሚነሳው የብርጭቆ ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ሳንባም ውስጥ መግባት የለበትም። ባልዲ ውስጥ የተረፈ ሬዚን በራሱ ይሞቃል፣ ያጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ስለዚህ ማማድ ውስጥ፣ መስኮቱ በብረት የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ፈጽሞ አይሠራም። ሕፃን ባለበት ቤትም እንዲሁ፤ ለጎረቤትም ማሰብ አለ፣ ደረጃው የጋራ ነው። በረንዳ ከክፍል ይሻላል፣ ክፍት ሜዳ ከበረንዳ ይሻላል። ማኅበራችን ከከተማው አየር ማውጫ ያለው አንድ ክፍል ወይም ያልተያዘ ሚክላት ጠይቆ አየር ማውጫ ቢያስገባለት ብዙ ቤት ከሽታ ይድን ነበር፤ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ።

ሌላው ነገር ቴስት ነው። ክንፍ፣ ጌጥ፣ የክሩስኮት መሸፈኛ አንድ ነገር ነው። መኪናውን በግጭት ጊዜ የሚጠብቁ ክፍሎች ግን፣ ከፓራውልት ሥር ያለው ብረት፣ የመቀመጫ ማሠሪያው፣ የኤርባጉ ቦታ፣ በቤት ሙጫ የሚነኩ አይደሉም። ያለ ፈቃድ የተለወጠ መኪና ቴስት ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ከአደጋ በኋላ ደግሞ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሳል። ልጆቹ አሁን አሁን “ካርቦን፣ ካርቦን” ይላሉ። ካርቦን ጠንካራና ቀላል ነው፤ እንግሊዝ ፋርንቦሮ ውስጥ በ1960ዎቹ አድጎ፣ በ1981 ማክላረን ለፎርሙላ አንድ መኪናው ሙሉ አካል አዋለው። ዋጋው ግን ያው የፎርሙላ አንድ ነው፤ ከፋይበርግላስ ጀምሩ።

ሱሲታ ዛሬም ጥቂት አለች። አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ይሰበስቧታል፤ በበዓላት ቀን ከነባንዲራዋ ትታያለች። ፋብሪካው ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል፣ መለዋወጫ የሚሸጥ የለም። አንዱ ሰብሳቢ ፓራፋንጎው ቢሰበርበት ደህና ያለው ሌላ ሰብሳቢ ይፈልጋል፣ የዚያኛውን መኪና ሰም ይቀባል፣ በላዩ ጄልኮትና ማት አልብሶ ፎርማ ያነሳል፣ ከፎርማው አዲስ ፓራፋንጎ ያወጣል። ብሩሽ፣ ባልዲ፣ እጅ። ግመል የበላቻት የምትባለው መኪና እስካሁን መንገድ ላይ ያለችው እንደዚህ በየጋራዡ ቅርጿን የሚያነሱ ሰዎች ስላሉ ነው።